ስሙ ያልተጻፈው ቤዝ

መርካቶ ድምፅ ማጉያ ሊገዛ የገባ ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚፈትን ልብ ብላችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። ሻጩ ዋጋውን ሲጠራ «ኧረ ተው!» ይላል። ቀጥሎ «እስቲ ክፈተው» ይላል። ሻጩ ዘፈን ይለቅለታል፤ ገዢው ግን ዘፋኙን አይሰማም። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከሳጥኑ ፊት ያስጠጋና የሚወጣውን ነፋስ ይለካል። «ቤዙ ይመታል?» ብሎ ይጠይቃል። ቤዙ ከመታ ክርክሩ ወደ ዋጋው ይመለሳል፤ ካልመታ ገዢው ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል።

ገበያው ስለ ቤዝ ይህን ያህል ይጨነቃል። ያንን ቤዝ ማን እንደተጫወተው ግን የሚጠይቅ የለም። እኔም መርካቶ ተወልጄ፣ መርካቶ አድጌ፣ ሙዚቃ ወድጄ፣ ኋላም ስለ ሙዚቃ መጻፍ ጀምሬ ለብዙ ዓመታት አልጠየቅሁም። ይህ ጽሑፍ ያ ሳይጠየቅ የቆየ ጥያቄ የወለደው ነው።

የካሴቱ ዘመን

ነገሩ የሚጀምረው በ1981 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ነው። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ካሴት የሚቀዳ አንድ ሱቅ ነበር። ባዶ ካሴት ይዞ ለሄደ ባለሱቁ የፈለገውን ይቀዳለታል። ባዶ ካሴት የሌለው ደግሞ የአባቱን የድሮ ካሴት ወስዶ በላዩ ላይ ያስቀዳል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርኩ። የትኛው ዘፈን ተደምስሶ በላዩ ሬጌ እንደተቀዳበት አባቴ እስኪያውቅ ድረስ ሦስት ወር ያህል በሰላም ኖሬአለሁ።

ባለሱቁ ቀድቶ ሲጨርስ ካሴቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዚጊ ማርሊ» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ምንም አልጻፈም። የአልበሙን ስም አልጻፈም፤ የዘፈኖቹን ርእስ አልጻፈም፤ ተጫዋቾቹንማ ከየት አምጥቶ ይጽፋል? እርሱም የቀዳው ከቅጂ ነው። ቅጂውም የቅጂ ቅጂ ነው። ሽፋን የሚባል ነገር ከስንተኛው እጅ ላይ እንደወደቀ እግዜር ይወቀው።

ዘመኑን የኖረ ያስታውሳል። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ፓርቲ የገባ ወጣት እስኪነጋ መውጫ የለውም። መውጫ ከሌለ ይጨፈራል። የኔን ካሴት ስንት ቤት እንደጨፈረበት ቁጥሩን አላውቀውም። «ቱሞሮው ፒፕል» የሚለው ዘፈን ሲመጣ የተቀመጠ ይነሣል። የባሕር ማዶው ቋንቋ ያልገባን ሁሉ ነገ የኛ እንደሆነ ገብቶን ነበር። የቦብ ማርሊ ልጅ ነው የሚዘፍነው፤ ጃማይካ ናት የምትዘፍነው፤ እኛ ደግሞ የሩቅ አድናቂዎች ነን፤ ብዬ አምን ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግም ወድቆ፣ ሰዓት እላፊውም ተነሥቶ፣ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ አንድ ዘመዳችን ዘንድ ዋናውን ሸክላ አገኘሁት። ሽፋኑን ገለበጥኩና የተጫዋቾቹን ዝርዝር ማንበብ ያዝኩ። ቤዝ፦ ዘለቀ ገሰሰ። ድራም፦ አስራት አእምሮ ሥላሴ። መጀመሪያ ያነበብኩት የተሳሳተ መሰለኝ። ደግሜ አነበብኩት። ያ ሁሉ ሌሊት የጨፈርንበት የሙዚቃ ወለል በሀገሬ ልጆች እጅ የተነጠፈ ኖሯል። ደስታም ኀፍረትም አንድ ላይ መጣብኝ። የደስታውን ምክንያት ማብራራት አያስፈልግም። ያፈርኩት ግን ጆሮዬን ታዝቤ ነው።

ኋላ ሳስበው ጥፋቱ የጆሮዬ ብቻ አልነበረም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው። የቤታችን ቴፕ መዳፍ በምታህል ድምፅ ማጉያዋ ያንን ያህል የወረደ ድምፅ ልታወጣው አትችልም። ካሴት በካሴት ላይ ሲገለበጥ ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ እየሳሳ፣ የሹክሹክታው ጫጫታ እየበዛ ይሄዳል። እንግዲህ የታችኛውን ቴፑ፣ የላይኛውን ቅጂው ከወሰደው መሐል ላይ የሚተርፈው ምንድን ነው? የዘፋኙ ድምፅ ነው። በካሴት ዘመን የተጻፈው የሙዚቃ ሒሳችን ስለ ዘፋኝና ስለ ግጥም እንጂ ስለ ተጫዋች የማያወራበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የምንሰማው ያንን ብቻ ነበርና።

ዳሎል

ዘለቀ ገሰሰና አስራት አእምሮ ሥላሴ ዳሎል የተባለው ባንድ አባላት ነበሩ። ባንዱን መሥርተው የሠሩት ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ያደረጉ ሙዚቀኞች ናቸው። ዳሎል ደግሞ እንደምናውቀው በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች፣ ጨውና ድኝ የሚፈላበት፣ ከዓለም እጅግ ሞቃት ስፍራዎች አንዱ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ልተርጉም አልቃጣም። ለእኔ ግን ከወለል በታች ያለ ሙቀት ማለት ቤዝ ማለት ነው። ላዩ ላይ ያለውን የሚያፈላው ከታች ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ዚጊ ማርሊና እኅት ወንድሞቹ፣ ሜሎዲ ሜከርስ በሚለው ስማቸው፣ «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ አጃቢያቸው ዳሎል ነበር። አልበሙ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የሬጌን የግራሚ ሽልማት ወሰደ። «ቱሞሮው ፒፕል» በአሜሪካ ዋናው የዘፈኖች ሠንጠረዥ ውስጥ ከአርባዎቹ አንዱ ሆነ፤ «ተምብሊን ዳውን» በጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። አልበሙን ያዘጋጁት ባልና ሚስት ክሪስ ፍራንትዝና ቲና ዌይማውዝ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቶኪንግ ሄድስ ይባል የነበረው የኒው ዮርክ ባንድ ድራመርና ቤዝ ተጫዋች ነበሩ። ይህችን ነገር ልብ በሏት። የአልበሙ አዘጋጆች የሙዚቃን ታችኛ ክፍል ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ከዘፋኞቹ በስተጀርባ ያቆሙትም አንድ ላይ መሥራት የለመደ ኢትዮጵያዊ ቤዝና ድራም ነው።

ስለዚህ አልበም ሲወራ ግን ቀድሞ የሚነሣው ሌላ ነው። «ሊ ኤንድ ሞሊ» በተባለው ዘፈን ላይ የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ በእንግድነት ጊታር ተጫውቷል። የአንድ ዘፈን እንግዳ ስሙ ሲነሣ ይኖራል፤ ቤቱን ያቆመው ባንድ ግን በደቃቅ ፊደል ሽፋኑ ጀርባ ላይ ቀርቷል። ይህ የጃማይካውያን ወይም የአሜሪካውያን ጥፋት ነው ብዬ ለመክሰስ አይደለም። እኛ ራሳችን የት ነበርን? በቀይ እስክሪብቶ «ዚጊ ማርሊ» ብለን የጻፍነው እኛው አይደለንም?

ሬጌ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የዘፈነ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች በተሰጠው የሻሸመኔ መሬት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1966 ጃማይካን በመጎብኘታቸው፣ ቦብ ማርሊ ራሱ በ1978 ሀገራችን መጥቶ በመሄዱ፣ ኢትዮጵያ የምትለው ቃል በዚያ ሙዚቃ ውስጥ እንደ ጸሎት ስትደጋገም ኖራለች። በግጥሙ ውስጥ ኢትዮጵያ ናፍቆት ናት፤ ተስፋ ናት፤ ትንቢት ናት። ዳሎል ግን ሌላ ነገር አደረገ። ኢትዮጵያን ከግጥሙ አውጥቶ ወደ ሥራው አስገባት። ሌሎች የሚዘፍኑላት ሀገር ልጆች መጥተው፣ ስማቸውን ሳያስጠሩ፣ ከታች ሆነው ምቱን ያዙ። እኔ ከብዙ የሙገሳ ግጥም ይልቅ ይህ ያኮራኛል።

ባዶው ምት

ሬጌን ሬጌ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ቸክ ቸክ» የምትለዋን ጊታር ይጠቅሳል። እርሷ ምልክት ናት እንጂ ሥሩ አይደለችም። በሌላው ዘመናዊ ሙዚቃ ትልቁ ከበሮ አራት ከሚቆጠረው ምት አንደኛውን በኃይል ይመታል፤ «ጀምረናል» ይላል። በሥረ መሠረቱ ሬጌ ግን አንደኛው ምት ባዶ ነው። ከበሮው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። እንግዲህ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ቦታ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ዘፈኑ እንዳይወድቅ የሚይዘው ማነው? ቤዙ ነው።

የሬጌ ቤዝ ተጫዋች ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ከዘፋኙ ዜማ በታች ሌላ ዜማ መዝፈን ነው፤ በአራት ክር፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር፣ ሳይሰለች እየደጋገመ። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ ዝም ማለት ነው። ሦስት ኖታ ተጫውቶ እጁን ያነሣል። ያ የተነሣ እጅ የተተወ ቦታ ነው፤ ጨፋሪው ጉልበቱን የሚያጥፈው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ጀማሪ ቤዝ ተጫዋች ቦታውን ክፍት አይቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ይሞላዋል። ሲሞላው ዘፈኑ ይታነቃል።

በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። ዐሥሩ ክሮች ከሥራቸው በተደረገው ቁራጭ ቆዳ እየነዘሩ የሚያወጡት ዝቅ ያለ ድምፅ የደርዳሪውን ቃል ተሸክሞ ይሄዳል። ደርዳሪው ቃሉን ጨርሶ ሲያርፍ ክሩ ይናገራል። በገናን ከጸሎቱ ነጥሎ ከጭፈራ ቤት ጋር ላነጻጽር አይደለም። የወረደ ድምፅን በትዕግሥት መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም ለማለት ነው።

በዚህ ዐይን «ኮንሸስ ፓርቲ»ን እንደገና ስሰማው የዘለቀ ቤዝ ትሑት ነው፤ ሰነፍ ግን አይደለም። «ቱሞሮው ፒፕል» ላይ ዘፋኙ ልጅ ነው፤ ድምፁ ቀጭን፣ የአባቱን ድምፅ የሚያስታውስ፣ ግን ገና ያልጸና ነው። ቤዙ ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል እንጂ አይቀድመውም። ታላቅ ወንድም ታናሹን ብስክሌት ሲያስተምር ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እንደሚሮጠው ያለ ነገር ነው። ልጁ ራሱ የሚነዳ ይመስለዋል፤ ሰውም የሚያየው ልጁን ነው። «ተምብሊን ዳውን» ላይ ደግሞ ሬጌው ወደ አሜሪካ የጭፈራ ወለል ያዘነብላል፤ ቤዙም አብሮ ያዘነብላል፤ ነገር ግን ሬጌነቱ ጨርሶ አይጠፋም።

እውነቱን ለመናገር አልበሙ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። የሰማንያዎቹ የፈረንጅ ስቱዲዮ ብልጭልጭታ አለበት። ኪቦርዱ አንዳንድ ቦታ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ሥረ መሠረቱን ሬጌ የለመደ ጆሮ ቆሻሻውን፣ ጭሱንና አቧራውን ይናፍቃል። ከእኛም ወገን የሚነሣ ጥያቄ አለ። ባንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ትዝታው የታል? ባቲው፣ አንቺ ሆዬው፣ አምባሰሉስ? በዚህ አልበም ውስጥ እነዚህን የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዳሎሎች እዚህ ላይ ሬጌን በሬጌ ሕግ አገለገሉ እንጂ የራሳቸውን ቅኝት አልቀላቀሉበትም።

ይህ ድክመት ነው? አንድ ሰሞን ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን አላምንም። የሌላውን ሰው ሙዚቃ ባለቤቱ እስኪያምንህ ድረስ መማር ትልቅ ነገር ነው። የቦብ ማርሊ ልጆች ከኪንግስተን ቤዝ ተጫዋች አጥተው አይደለም ኢትዮጵያውያኑን ከኋላቸው ያቆሙት። ያንን ቦታ ለማግኘት የሀገር ስም አይበቃም፤ እጅ ያስፈልጋል። የቅይጡ ሥራ የሚቀጥለው ትውልድ ዕዳ ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የቺካጎው ቤት

አንድ ሙዚቀኛ ከታዋቂ ሰው ጀርባ ቆሞ ዓለምን ከዞረ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ያንን ዝና እያወራ መኖር ነው። ሌላው ቤት መሥራት ነው። ዘለቀ ቤቱን የሠራው ከዝናው በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከአስራት ጋር ሆኖ በቺካጎ ክላርክ ጎዳና ላይ፣ ሪግሊ ፊልድ ከሚባለው የቤዝቦል ሜዳ አጠገብ፣ «ዋይልድ ሄር» የተባለውን የሬጌ ቤት ከፈተ። የዱር ጥንቸል ማለት ነው። ቤቱ በዚያ ጎዳና ላይ እስከ 2011 ድረስ 25 ዓመት ኖረ። የቤዝቦል ቲፎዞ ከሜዳ እየወጣ የሚጎርፍበት ሰፈር ውስጥ፣ የነጮቹ ሮክና ብሉዝ በነገሠበት ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን የሬጌ መድረክ ሩብ ምዕተ ዓመት አቆሙ።

ስለዚህ ቤት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የንግድ ዜና ነው፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ማን መጣ፣ ማን ዘፈነ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ቤቱ ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ወጣት ሙዚቀኛ ዋናውን ትምህርት የሚያገኘው በጥሩ ዕቃና በጥሩ ድምፅ፣ ከእርሱ የበለጡ ሰዎች እየሰሙት፣ ሌሊት በሌሊት ሲጫወት ነው። አንድ ባንድ ዛሬ ሠርግ፣ ከወር በኋላ ኮንሰርት እያለ ከሚያገኘው ልምድ ይልቅ አንድ መድረክ ላይ በተከታታይ የቆመ ባንድ በስድስት ወር የሚያገኘው ይበልጣል። የቤቱ ባለቤት ራሱ ቤዝ ተጫዋች ሲሆን ደግሞ ወጣቱ ሊደበቅ አይችልም። ድራሙ ከቤዙ ሲለያይ ሌላ ባለቤት የመጠጡን ሒሳብ ይቆጥራል፤ ቤዝ ተጫዋች የሆነ ባለቤት ግን ቀና ብሎ ያያል።

«የመጠጥ ቤት እንዴት ትምህርት ቤት ይባላል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የእኛን የሙዚቃ ታሪክ መለስ ብሎ ቢመለከት ይህን አይጠይቅም። ሙዚቀኞቻችን የተማሩት ትምህርት ቤት በማይባሉ ቤቶች ነው። አዝማሪው በአዝማሪ ቤት ተማረ። ክቡር ዘበኛና ፖሊስ ኦርኬስትራ ለሰልፍ ተቋቁመው የዘመናዊ ሙዚቃ መዋዕለ ሕፃናት ሆኑ። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ሆቴል ለእራት ተመጋቢ ሲጫወት ነው ዋልያስ የሆነው። የዋልያስን ቤዝ መላከ ገብሬ፣ የአይቤክስንና የሮሐን ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ እንደተጫወቱት ስንቱ ሰው ያውቃል? የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የማያውቅ የለም፤ ከሥሩ እየተሽከረከረ የሚሄደውን ቤዝ ያላዜመ የለም፤ ስሙን ጠይቁት፤ ዝም ይላችኋል።

የጃማይካን ታሪክ ብናይም ያው ነው። የዌይለርሱ ቤዝ ተጫዋች አስተን «ፋሚሊማን» ባሬት አንድ ጎረምሳ ቤዝ አስተማረ። ያ ጎረምሳ ሮቢ ሼክስፒር ነበር፤ ከድራመሩ ከስላይ ደንባር ጋር ሆኖ የሬጌን መልክ ለወጠ። ሮቢ እ.ኤ.አ. በ2021፣ መምህሩ ፋሚሊማን ደግሞ በ2024 ዐረፉ። ተማሪው ከመምህሩ ቀድሞ ሄደ። ሁለቱ ግን ሰንሰለት ነበሩ። ቤዝ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ከተበጠሰ የሚቀጥለው ልጅ ከባዶ ይጀምራል።

የእኛስ?

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት በሚሞላው ዕለት መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ልጆቹም ተጫወቱ። እኔም ነበርኩ። በዚያ ዘመን አማርኛ ሬጌ የራሱ መልክ እየያዘ ነበር። ቴዲ አፍሮ ሬጌን የሰፈሩ ሁሉ ዘፈን አድርጎት ነበር። ኋላም እዮብ መኮንን «እንደ ቃል» በተባለው አልበሙ፣ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. በድንገት እስኪለየን ድረስ፣ ለስላሳና አሳቢ ሬጌ ሰጠን። ኃይሌ ሩትስ ደግሞ «ችጌ» ብሎ ችክችካንና ሬጌን በአንድ ስም አጋባቸው።

የኃይሌ ሩትስ ሐሳብ ቀላል ጨዋታ አይደለም። ችክችካ ስድስት የሚቆጠር፣ የሚገፋ፣ የሚያጣድፍ ምት ነው። ሬጌ አራት የሚቆጠር፣ ወደ ኋላ የሚል፣ የሚያዘገይ ምት ነው። አንዱ ትከሻ ነው፤ ሌላው ጉልበት። እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ለማኖር አስታራቂ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ያ ሽማግሌ ከቤዙ በቀር ሊሆን አይችልም። ስድስቱንም አራቱንም የሚያውቅ፣ የትኛው ላይ ዝም እንደሚል የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

የእኛ ድክመት የምለው እዚህ ላይ ነው። ከአማርኛ ሬጌዎቻችን ብዙዎቹ ቤዛቸው በሰው እጅ የተመታ አይደለም፤ በኪቦርድ ወይም በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ አይሳሳትም። ነገር ግን ሳያመነታ አንደኛውን ምት ይሞላዋል። ዝም ማለት አያውቅም። ዘፋኞቻችን ጥሩ ናቸው፤ ግጥሙም የሚናቅ አይደለም፤ ዘፈኑ ግን የማይተነፍስበት ጊዜ ይበዛል። ለምን እንደማይተነፍስ ጆሯችን ስላልለመደ አንጠይቅም። የካሴቱ ዘመን አለፈ፤ የካሴቱ ጆሮ ግን አላለፈም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ዋሽንግተን ውስጥ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ከአድማስ ባንድ ጋር የሠራው ሄኖክ ተመስገን ቤዙን ይዞ ወደ ሀገሩ ተመልሶ በጃዛምባ ወጣቶችን ሲያስተምር አይተናል። አልበሙ በ2020 እንደገና ሲታተም ዓለም አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰማው። በ2012 የወጣውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም ያዘጋጀው ቢል ላስዌልም ቤዝ ተጫዋች ነው። ዳሎልና ኤርታሌ፤ ሁለቱም ከዚያው ከአፋር የእሳት ምድር የወጡ ስሞች ናቸው። አጋጣሚ ይሁን እንጂ ደስ ይላል።

ግን አንድ መምህርና አንድ አዘጋጅ አይበቁም። የሚያስፈልገን ቤት ነው። ሌሊት በሌሊት ሕያው ሙዚቃ የሚጫወትበት፣ ወጣቱ ቤዝ ተጫዋች ስሕተቱን በዕለቱ የሚሰማበት፣ ባለቤቱም ከኪሱ በቀር ጆሮ ያለው ቤት። ዘለቀና አስራት ያንን በሰው ሀገር፣ በክረምት በረዶ፣ በኪራይ ቤት 25 ዓመት ካቆሙት፣ እኛ በገዛ ከተማችን የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላው የሚያስፈልገን ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ስም መጻፍ ነው። ዘፈን ሲወጣ ቤዝ እገሌ፣ ድራም እገሊት ብሎ መጻፍ። ሬዲዮ ላይ ሲተዋወቅ መጥራት። ስሙ የተጠራ ሰው ተማሪ ያገኛል፤ ስሙ ያልተጠራ ግን ማን ፈልጎት ይመጣል?

ባለፈው ሰሞን መርካቶ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ነበር። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቁመቱን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ደርድሮ ይሸጣል። ስልኬን ሰጥቼው «ቱሞሮው ፒፕል»ን ክፈትልኝ አልኩት። ከፈተው። ሱቁ ተንቀጠቀጠ። ዕቃ የተሸከመ ኩሊ «ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ ሳያውቀው እርምጃውን ከምቱ ጋር አስተካከለ። እኔም እንደማንኛውም ገዢ ጎንበስ ብዬ መዳፌን ከሳጥኑ ፊት አስጠጋሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የማውቀውን ዘፈን ቤዝ በእጄ የነካሁት ያን ዕለት ነው።

«ቤዙ ይመታል አይደል ፋዘር?» አለኝ ልጁ።

«ይመታል። ማን እንደተጫወተው ታውቃለህ?»

«ቦብ ማርሊ?»

«ዘለቀ ገሰሰ ይባላል።»

ልጁ ዘፈኑን ቀነስ አደረገው። «የኛ ሰው ነው?» አለ።

«የኛ ሰው ነው።»

ስልኩን አወጣና ስሙን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ፊደሉን እየቆጠርኩ ነገርኩት፤ እርሱም ጻፈው። ድምፅ ማጉያውን ግን አልገዛሁትም፤ በዋጋ አልተስማማንም።